የግራው መንኮራኩር

አባቴ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ከመሆኑ አስቀድሞ በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች እየተዘዋወረ የተማረ፣ ዳዊቱን በቃሉ የሚያደርስ፣ ከብርዕና ከቀለም ቀንድ በቀር ሌላ መሣሪያ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ስለ ነበረ፣ በ1962 ዓ.ም. ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር ላይ ያገለገለች ቮልስዋገን ገዝቶ ወደ ጉለሌው ግቢያችን ባስገባ ጊዜ፣ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ከመደሰት ይልቅ መደነቁ አይሎበት ነበር። አንድ የቅኔ ባልንጀራውማ መኪናይቱን ዞር ዞር ብሎ ከተመለከተ በኋላ፣ ‹‹ወንድሜ፣ ግስ ማርባቱ ቢሰለችህ ጊዜ ብሎን ልታረባ አሰብህን?›› አለው። አባቴ ስቆ አለፈው እንጂ ቃሉ ውሎ አድሮ ትንቢት ሆኖ ተገኘ።

መኪናይቱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራች፣ ባለ 1,192 ሲሲ ሞተሯ በስተኋላዋ የተቀመጠ፣ እርሱም በውሃ ሳይሆን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፣ እንጦጦን ስትወጣ ሌሎቹ መኪናዎች ከመንገድ ዳር ቆመው እንፋሎት ሲተፉ እርሷ እያጉረመረመች የምታልፍ፣ ለባለቤቷም ከዘይትና ከነዳጅ በቀር ብዙ የማትጠይቅ ትሑት ፍጥረት ነበረች። የዚህ ዓይነቱ መኪና የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር፣ ፑዌብላ ከተባለችው ከተማ ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ በዓለም ሁሉ የተበተነ ሲሆን፣ ለአዲስ አበባም የደረሳት ድርሻ ቀላል አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ቆሞ የሚመለከት ሰው አንዷን ሳያይ አይቀርም።

ከአጥራችን ማዶ ይኖር የነበረው ጎረቤታችን ደግሞ፣ ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ከአገራችን ከወጣ በኋላ በከተማይቱ ከቀሩት ጣልያኖች አንዱ በከፈተው ጋራዥ ገና በጨቅላነቱ ብሎን በማጠብ ጀምሮ፣ ከዚያም ክሪክ በመያዝ፣ ከዚያም ጎማ በመፍታት፣ በመጨረሻም ሞተር በማውረድ ደረጃውን አንድ በአንድ የወጣ መካኒክ ነበር። ትምህርቱ ያለ መጽሐፍ፣ በማየትና በመስማት፣ አንዳንዴም በኩርኩም የተገኘ ስለ ሆነ፣ ይህ አካሄድ ከአብነት ትምህርት ቤቱ ሥርዐት ጋር መመሳሰሉን አይቶ አባቴ ‹‹መሪጌታ›› የሚል ማዕርግ ሰጠው፤ እርሱም በበኩሉ አባቴን ‹‹የኔታ›› እያለ ይጠራው ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ስለ ሌላው ሙያ መጠየቅ እንጂ ስለ ፖለቲካ መነጋገር አይወዱም ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ጥበብ ነበረ።

ነገሩ የሆነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ነዳጅ በኩፖን ይታደል በነበረበት ጊዜ ነው። አባቴ ከሚደርሰው ኩፖን ከወር ወር ቆጥቦ የሚያስቀምጠው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በየዓመቱ ነሐሴ 24 ቀን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመሄድ ነው። እንጦጦን አልፈን የሱሉልታን ሜዳ ተሻግረን፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ በኩል ወደ ገዳሙ የሚያወርደው መገንጠያ እስክንደርስ ድረስ ያለው መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ በክረምቱ ማለቂያ ግን ዝናቡ፣ ጉሙና ጭቃው ተደማምረው የአንድ ቀን ጉዞ ያደርጉት ነበር። በዚያን ዓመት በዓሉን አክብረን ስንመለስ አባቴ በሙከ ጡሪ አካባቢ የምትኖር አንዲት እኅቱን ሳይጠይቅ ማለፉ ነውር መስሎ ስለ ታየው፣ ከዋናው መንገድ ወጥተን እስከ ጎማው እምብርት የሚደርስ ጅረት ለመሄድም ለመመለስም ተሻገርን።

በኋላ ከመሪጌታው እንደ ተረዳሁት ጥፋቱ የተፈጸመው በዚያች ሰዓት ነበር። ረጅም መንገድ የሮጠ ጎማ እምብርቱ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለውም አየር በሙቀቱ ይለጠጣል፤ ይህ የሞቀ ብረት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ባዶ የሆነውን ቦታ ለመሙላት ውሃውን በአረጀው የግራሶ መከላከያ ጎማ አሳልፎ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ውሃ የገባበት ግራሶ ብረቱን መጠበቁ ይቀርና ዝገትን ያሳድርበታል። መኪናይቱ ግን ይህን ሁሉ በዚያው ዕለት አትናገርም፤ በልቧ ይዛ ትሰነብታለች።

የሰነበተችውም እስከ መስከረም አጋማሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍጥነታችን ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ከወለሉ በታች ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ጉምጉምታ መሰማት ጀመረ፤ ቀስ ስንል ይጠፋል፣ ስንፈጥን ይመለሳል። አባቴ በመጀመሪያ አስፋልቱን ከሰሰ፤ ቀጥሎ ጎማውን ጠረጠረ፤ በሦስተኛው ወደ መሪጌታው ሄደ። መሪጌታው ኮፋኖ አልከፈተም፣ ከመኪናይቱ ሥርም አልገባም፤ ‹‹የኔታ፣ እርስዎ ይንዱ፤ እኔ ልስማ›› ብሎ ከአጠገቡ ተቀመጠና ሰፊ መንገድ ላይ ሲደርሱ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ እንዲያመዝነው አዘዘው። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ድምፁ ጎላ፤ ወደ ግራ ሲታጠፉ ለዘብ አለ። ‹‹የግራው ፊት ነው›› ብሎ ፈረደ። ምክንያቱን ስጠይቀው መኪና ወደ ቀኝ ሲዞር ክብደቱ በግራው በኩል እንደሚወድቅ፣ የታመመውም ክፍል ሸክሙ ሲበዛበት እንደሚጮህ አስረዳኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ የተማሩ ሰዎች ይህንኑ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ እንደ እርሱ በአጭሩ የተናገረ ግን አላገኘሁም።

ሆኖም ጆሮውን ብቻ አምኖ አልቀረም። ግቢ ሲደርሱ መኪናይቱን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቀነቀው፤ ተንቀሳቀሰ። ‹‹ይህ ገና ምስክር አይሆንም፤ መሪው ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ቋሚ ብረትም ቢያልቅ እንዲሁ ይንቀሳቀሳል›› አለና አባቴን ፍሬኑን እንዲረግጥ ለመነው። ፍሬን በተረገጠ ጊዜ ከጎማው ጋር የሚዞረው ታንቡሮ ከፍሬኑ አካል ጋር ስለሚጣበቅ፣ ላላ ያለው በእምብርቱ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ከሆነ እንቅስቃሴው ይጠፋል፤ ቋሚው ብረት ከሆነ ግን ይቀራል። እንቅስቃሴው ጠፋ። አባቴ ይህን የማጣሪያ ዘዴ እጅግ ወደደው፤ ሁለት ተጠርጣሪዎች አንድ ምልክት ሲያሳዩ ሦስተኛ ጥያቄ ጠይቆ መለየት የሊቃውንት ሥራ ነው እያለ ለእንግዳው ሁሉ ሲያወራው ሰነበተ።

ቀጥሎ የመጣው ጭንቀት ዕቃውን ማግኘት ነበር። ከውጭ የሚገባው መለዋወጫ ተመናምኖ ስለ ነበረ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ከሱቅ ሱቅ ስንዞር ውለን፣ በመጨረሻ አንድ አረጋዊ ነጋዴ ከመደርደሪያው ጫፍ አቧራ የለበሰ የካርቶን ሣጥን አወረደልን። በውስጡ በዘይት በራሰ ወረቀት የተጠቀለሉ ኩሽኔታዎች ነበሩ፤ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውንም የላቲን ፊደል አባቴ አንድ በአንድ እየቆጠረ ‹‹ሽዋይንፉርት›› ብሎ አነበበው። ያ የአንዲት የጀርመን ከተማ ስም መሆኑን ያወቅሁት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ ባወቅሁም ጊዜ ያችን ትንሽ ሣጥን በሌላ ዓይን አሰብኋት።

መንኮራኩር በዘንጉ ላይ ሲዞር ብረት ብረትን እንዳይበላ በመካከላቸው ድቡልቡል ነገር አግብቶ መፋተጉን ወደ መንከባለል የመለወጥ አሳብ እጅግ የቆየ ነው፤ ሆኖም በዌልስ የካርማርዘን ሰው የነበረው ፊሊፕ ቮን ለሠረገላ ዘንግ የሚሆን ባለ ድቡልቡል ኩሽኔታ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1794 ነበር። ችግሩ ከአሳቡ ላይ አልነበረም። ድቡልቡሎቹ ሁሉ ፍጹም ክብና ፍጹም እኩል ካልሆኑ፣ ከሌሎቹ በጥቂቱ የምትበልጠው አንዲቱ የሁሉን ሸክም ብቻዋን ትሸከምና ትሰበራለች። ይህን ያቃናው እ.ኤ.አ. በ1883 በሽዋይንፉርት ከተማ ፍሪድሪኽ ፊሸር የተባለ ሰው ብረቶቹን እኩል አድርጎ የሚሞርድ ማሽን በመሥራቱ ነው፤ ከተማይቱም ከዚያ ወዲህ የኩሽኔታ ከተማ ሆነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች የጀርመንን የጦር መኪናና አውሮፕላን ሁሉ በአንድ ምት ለማቆም አስበው ነሐሴ 11 ቀን 1935 ዓ.ም. እና ጥቅምት 3 ቀን 1936 ዓ.ም. ይህችኑ ከተማ በቦምብ ሲደበድቡ፣ በእያንዳንዱ ዘመቻ 60 ያህል ከባድ አውሮፕላን ጠፋባቸው። ያን ሁሉ ደም ያስፈሰሰው በመዳፍ የሚያዝ የብረት ቀለበት ነው ቢባል በጊዜው ማን ያምን ነበር?

አባቴ ቀዳሚት ሰንበትንም እሑድንም ስለሚያከብር በእነዚህ ቀናት ብሎን አይነካም፤ ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ሥራው በአንድ የጥቅምት ማለዳ ተጀመረ። የእኔ ትምህርት የከሰዓት ፈረቃ ስለ ነበረ ጨርቅ አቀባይ ሆኜ ተሾምኩ። መሪጌታው በመጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ፤ መኪናይቱን በክሪክ ካነሣ በኋላም ከሥሯ ወፍራም ግንድ አስገባ፤ ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም ይል ነበርና።

በዚህች መኪና የግራው የፊት ጎማ ከሦስቱ ሁሉ የተለየ ነው። የፍጥነትና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን የሚያዞረው ቀጭን ሽቦ በጎማው ዘንግ መካከል አልፎ ከእምብርቱ ክዳን ጋር በትንሽ መቆለፊያ ይያያዛል፤ ጎማው ሲዞር ክዳኑ ይዞራል፣ ክዳኑ ሲዞር ሽቦው ይዞራል፣ መኪናይቱም የሄደችበትን መንገድ ትጽፋለች። ይህን መሪጌታው ክዳኑን በካቻቪቴ ጫፍ ዙሪያውን እያላቀቀ ሲያሳየው የመዝገብ ቤቱ ሰው አባቴ ተደስቶ፣ ‹‹እንግዲያው ጸሐፊዋ ይህ ነዋ!›› አለ። ሁለተኛው ልዩነት ዳዶው ነው። ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶውን እንዳይፈታው ሲባል የግራው ዘንግ ጥርስ ወደ ግራ የተቀረጸ ስለ ሆነ፣ ሌላው ዳዶ ሁሉ በሚጠብቅበት አቅጣጫ እርሱ ይፈታል። ይህን የማያውቅ ጉልበተኛ እየፈታሁ ነው ሲል እያጠበቀ ዘንጉን ያበላሻል፤ መሪጌታውም በጋራዡ ሳለ ይህ ሲሆን በዓይኑ አይቷል።

የታጠፈውን የመቆለፊያ ቆርቆሮ አቅንቶ ሁለቱን ዳዶዎች ካወጣ በኋላ ሮንዴላውን ሳበ፤ ታንቡሮውንም በሁለት እጁ እያወዛወዘ ወደ ራሱ ሲጎትት የውጭው ኩሽኔታ ወደ መሬት ሊወድቅ ሲል ሳያይ በመዳፉ ተቀበለው። አባቴ ደግሞ የወጣውን ሁሉ በጋዜጣ ላይ በተርታ አስቀምጦ በመዝገቡ ውስጥ ይጽፍ ነበር። መዝገቡ እንደ ብራና መጽሐፍ አርእስቱ በቀይ፣ ሐተታው በጥቁር ቀለም የተጻፈ፣ ቁጥሩም በግእዝ ቁጥር የተመለከተ ነው። መሪጌታው ይህን ሲያይ ‹‹የኔታ፣ የወጣ ዕቃ መግቢያውን ራሱ ያውቃል›› ብሎ ቢያሾፍበትም፣ የውስጠኛው ቀለበት ሰፊ ፊቱ ወደ የት እንደ ነበረ በኋላ በተጠራጠረ ጊዜ ወደ መዝገቡ አንገቱን አስግጎ መመልከቱን እኔ አይቻለሁ።

ከሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው የአሮጌው ኩሽኔታ ምርመራ ነው። መሪጌታው ላምባ በሳፋ አምጡልኝ ሲል እኔ ፈጥኜ የእናቴን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አመጣሁ፤ እናቴም ይህን ባየች ጊዜ የተናገረችውን ከዚህ መጻፉ አስፈላጊ አይደለም። ግራሶው በላምባው ታጥቦ ሲወርድ ነጣ ያለና የቀጠነ፣ ውሃ የተቀላቀለበት መሆኑ ታየ። ብረቱ ከጸዳ በኋላ መሪጌታው ቀለበቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ አሳየን፤ ድቡልቡሎቹ የሚሮጡበት፣ መስተዋት መሆን የነበረበት መንገድ፣ ፈንጣጣ እንደ ወጣበት ፊት ተቦርቡሮ ነበር። ‹‹ይህ ዝገት ነው፤ ይህ የጅረቱ ነው›› አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ፣ በእኩል ርቀት የተቀመጡ ጥቃቅን ጎድጓዶችን አሳየ፤ ‹‹ይህ ደግሞ የጅረቱ አይደለም፤ ጎማው ከጉድጓድ ወይም ከድንጋይ ጋር በኃይል ተመትቶ ድቡልቡሎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማኅተም የተዉት ነው፤ እርስዎ ከመግዛትዎ በፊትም የሆነ ሊሆን ይችላል።›› የቀለበቱ ጠርዝ ወደ ሰማያዊነት መለወጡንም አይቶ፣ አንድ ጊዜ ያለ መጠን አጥብቀውት በሙቀት እንደ ተቃጠለ ፈረደ። መኪናይቱ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ያለፈችበትን ሕይወት፣ ማንም ያልነገረንን፣ ከአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሲያነበው አባቴ ብዕሩን አስቀምጦ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ድርሳን ሲነበብ እንጂ ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም።

ከአዲሶቹ አንዱን ከወረቀቱ ሲፈቱት አባቴ ተቀብሎ በጣቱ ላይ አሽከረከረውና ነቢዩ ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ አጠገብ ስላየው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚዞረው መንኮራኩር ይተርክ ጀመር። መሪጌታው አንገቱን ከታንቡሮው ሳያነሣ፣ ‹‹የኔታ፣ የዚያኛውስ ግራሶ ነበረበት?›› ብሎ ጠየቀ። አባቴም ጥቂት አስቦ፣ ‹‹የዚያኛው ዙሪያው ዓይን ነበር፤ የዚህኛው ዙሪያው ድቡልቡል ጥይት ነው›› አለ።

ከታንቡሮው ጋር የተጣበቁትን አሮጌ የውጭ ቀለበቶች መሪጌታው በመዳብ ዘንግ ከአንድ ወገን አንዴ፣ ከማዶው አንዴ እየመታ፣ ሳያጋድል አወጣቸው። መዳብ ያስፈለገው ከብረቱ ስለሚለዝብና ታንቡሮውን ስለማይጭረው ነው። አዲሶቹን ሲያስገባ ግን ታንቡሮውን አስቀድሞ በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ላይ አስጥቶት ስለ ነበር አፉ በጥቂቱ ሰፍቶ ነበር፤ አሮጌውን ቀለበት እንደ መግፊያ በላዩ አስቀምጦ በመዶሻ ቀስ እያለ ሲመታ፣ በየምቱ የሚሰማው ድምፅ ባዶና የታፈነ ሆኖ ይቆይና ቀለበቱ ከመሠረቱ ሲደርስ በድንገት ጠንካራ፣ ጥርት ያለ ይሆናል። ‹‹ሰማህ? ደረሰ›› አለኝ። ግራሶውንም የቀባው በእጁ ነው። በግራ መዳፉ እፍኝ ያህል ይዞ፣ የኩሽኔታውን ጠርዝ በግራሶው ላይ እየጫነ፣ ከታች የገባው በላይኛው በኩል በየድቡልቡሉ መካከል ብቅ እስኪል ድረስ ዙሪያውን አዳረሰ። ክዳኑን ግን ባዶ ተወው፤ ከመጠን ያለፈ ግራሶ ሲሞቅ የሚሄድበት አጥቶ ወደ ፍሬኑ ስለሚፈስ።

የሥራው ሁሉ ፍጻሜና ማዕረግ ግን ዳዶውን ማመጣጠኑ ነው። አጥብቀህ ብትተወው ኩሽኔታው ይግላል፣ ግራሶው ይቀልጣል፣ ብረቱ ይቃጠላል፤ አላልተህ ብትተወው ጎማው ይወላገዳል፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ያልቃል። መሪጌታው ታንቡሮውን በአንድ እጁ እያሽከረከረ በሌላው ዳዶውን እስኪከብድ አጠበቀ፤ ከዚያ በጥቂቱ መለሰው፤ የካቻቪቴውንም ጫፍ ከሮንዴላው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ገፋ። አልነቃነቅ አለ፤ ዳዶውን ፀጉር ታህል መለሰ፤ ደግሞ ገፋ። ሮንዴላው ያለ ጉልበት፣ ነገር ግን ሳይንቀዋለል፣ ወደ ጎን ሸሸ። ‹‹በቃ›› አለና የመቆለፊያውን ቆርቆሮ አጠፈ።

በዚህ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ከተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲመለስ ደረሰ። እርሱ በትምህርት ቤቱ የተማረው ነገር በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ስለ ነበረ፣ በሮንዴላና በካቻቪቴ መፍረድ ኋላ ቀርነት መስሎ ታየው፤ ከፋብሪካው የታዘዘ ወሰን መኖሩን ጠቅሶ፣ በማግሥቱ ከመምህሩ ለምኖ ባለ መርፌ መለኪያ ይዞ መጣ። ክዳኑ እንደ ገና ተከፈተ። መርፌውን ከዘንጉ አገናኝቶ ታንቡሮውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፋ ቁጥሩ ከታዘዘው ወሰን መካከል ቆመ። ወንድሜ መለኪያውን ጠርጥሮ ደገመ፤ ያው ሆነ። መሪጌታው ግን አልተኩራራም፤ መለኪያውን ተቀብሎ ከፊቱ አቅርቦ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ ‹‹ይህን ዕቃ ያኔ በልጅነቴ ባገኝ ኖሮ የስንቱን ሰው ኩሽኔታ ከማቃጠል እድን ነበር›› አለ። የወንድሜን ፊት ያቀላው መሸነፉ ሳይሆን ይህ ቃል ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን ከመሪጌታው ግቢ ሆነ።

የቀኙ ጎማ በዚያው ሳምንት ተሠራ፤ ስለ እርሱ የሚባል ብዙ የለም፤ ሽቦም የለው፣ የተገለበጠ ጥርስም የለው። የኋላዎቹ ግን 36 ቁጥር ቁልፍና የሰው ቁመት የሚያህል ቧንቧ የሚጠይቁ፣ ከግቢ ሥራ የሚያልፉ ስለ ሆኑ ለጋራዥ ተተዉ።

ዛሬ ልጄ የሚነዳት ቪትስ የፊት ኩሽኔታዋ ግራሶው በፋብሪካ ተሞልቶ የታሸገ፣ በከፍተኛ ግፊት ማሽን ካልሆነ ከቦታው የማይወጣ፣ ማመጣጠንም የማይጠይቅ አንድ ወጥ አካል ነው። ይህን ለመውቀስ አልነሣም፤ የታሸገው ከእኛው ይልቅ ውሃን ይከላከላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ ባልሠለጠነ እጅም ከመጠን በላይ አይጠብቅም። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰውስ ታንቡሮ የት ያሰጣል? የምቆጨው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ መኪናውን ለጋራዥ ሰጥቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ሲመለስ የወጣውን ኩሽኔታ አላየውም፤ ውሃ ይሁን፣ ጉድጓድ ይሁን፣ ዕድሜ ይሁን የገደለው አያውቅም፤ ስላላወቀም በዚያው ጉድጓድ ላይ በዚያው ፍጥነት ያልፋል። በእኔ ፍርድ ከአሮጌው ሥራ መጥፋት ያልነበረበት መፈታቱ ሳይሆን መመርመሩ ነው።

ስለዚህ አሮጌም ሆነ አዲስ መኪና የምትነዳ አንባቢ ሆይ፣ ረጅም መንገድ ከመውጣትህ በፊት ባለው ሳምንት በአንድ ጸጥ ያለ ጎዳና ላይ ሬዲዮኑን ዘግተህ፣ መስኮቱን ከፍተህ ጥቂት ንዳ። ጉምጉምታ ከሰማህ መኪናህን ለመካኒክ አሳይ፤ ሥራውም ሲያልቅ የወጣውን ኩሽኔታ እንዲሰጥህ ጠይቀው፤ ዋጋውን የከፈልህ አንተ ነህና ንብረትህ ነው።